ነጭ ሸማ፣ ጠይም ፊት፦ ከወሎ ሰፈር የተቃኘ የሃያ ዓመት የዲጂታል ፎቶ ዳሰሳ

በጥር ወር ከወሎ ሰፈር ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው የቦሌ መንገድ ላይ ሙሽሮችን የሚያነሳ ፎቶ አንሺ በየዓመቱ የሚገጥመው ፈተና አንድ ነው። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳለች፣ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ሽማግሌዎች ጋቢ ደርበዋል። ፊታቸው ከቀይ ዳማ እስከ ጥቁር ይደርሳል፤ የሚበዛው ግን ጠይም ነው። ብርሃኑ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ የቀትር ፀሐይ ነው፤ ጥላው ይቆርጣል። ካሜራው ይህን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ሸማው አመድማ፣ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ማታ ኤዲተሩ ፊቱን ሊያፈካ ሲሞክር ጉንጭና አንገት ላይ ቀይና አረንጓዴ ብናኝ ይነሳል። ኖይዝ የሚባለው ይህ ነው።

ባለፉት ሃያ ዓመታት ይህን ብናኝ ለማጥፋት ብዙ ሶፍትዌር ተሠርቷል፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቷል። የእኔ አቋም ግን ከመነሻው ግልጽ ይሁን፦ እኛ ጋ ኖይዝ የምንለው ችግር አብዛኛው ከሴንሰሩ ድክመት የመጣ አይደለም፤ ፎቶው ሲነሳ የብርሃኑ ልክ ስለተሳተ የመጣ ነው። ልኩ የሚሳተው ደግሞ መለኪያው የእኛን ፊትና የእኛን ልብስ አስቦ ስላልተሠራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚሠራው በአንድ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው። በአማካይ ዓለም ከሚያርፍባት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ታንጸባርቃለች ብሎ ይገምታል፤ ያየውን ሁሉ ወደዚያ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይታገላል። ንጹሕ ነጭ ሸማ ግን ወደ 90 በመቶ ያንጸባርቃል። ጠቆር ያለ ቆዳ በአንጻሩ የ18 በመቶውን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ይመልሳል። በአንድ ፀሐይ ሥር፣ በአንድ ሰው ላይ፣ በአንገትና በነጠላ መካከል ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ የብርሃን ልዩነት አለ ማለት ነው። ዘመናዊ ሴንሰር ይህን ልዩነት በቀላሉ ይሸከመዋል። ችግሩ ካሜራው በራሱ አብስሎ የሚያወጣው ጄፔግ ላይ ነው፤ አንዱን ወገን ለማዳን ሌላውን ይሠዋል።

የፊልም ዘመን ሰዎች ይህን ያውቁት ነበር። ቤድሮስ ቦያጂያን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ሲሠሩ፣ የስቱዲዮ ብርሃንን በመጋረጃና በአምፖል እየገሩ ፊትን ከካባ ጋር ያስታርቁ ነበር። ሽመልስ ደስታ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በቤተ መንግሥት ያነሳቸው ፎቶዎች በ2007 ለንደን ውስጥ ለተመልካች ሲቀርቡ የብዙዎችን ቀልብ የሳበው ታሪኩ ቢሆንም፣ እኔን የሚደንቀኝ የፊቶቹ ብርሃን ነው። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ያለው ደቃቅ ግሬይን ፊቱን አላበላሸውም፤ አብሮት ኖሯል።

የቀለም ፊልም ሲመጣ ነገሩ ከበደ። የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ማሽናቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእርሷ ቆዳ ሲያምር ማሽኑ ተስተካክሏል ይባላል። ኮዳክ ፊልሙን ለጥቁር ቀለማት ያሻሻለው ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚያስተዋውቁ ድርጅቶች ምርታችን አንድ ዓይነት ጥቁር ሆኖ ወጣ ብለው ካማረሩ በኋላ ነው። የሰው ፊት ያላስነሳውን ጥያቄ ቸኮሌት አስነሳው። ፒያሳ ፊልም ያሳጠበ ሰው ሁሉ የዚያን ካርድ ውሳኔ ሳያውቀው ወደ ቤቱ ይዞ ሄዷል።

ዲጂታሉ ወደ ሰርግ ቤቶቻችን የገባው እንደ ኒኮን ዲ70 (2004) እና ካኖን 350ዲ (2005) ባሉ ካሜራዎች ነው። ሁለቱም የሚደርሱበት ከፍተኛው አይኤስኦ (የብርሃን ማጉያ ልክ) 1600 ነበር፤ እርሱም ቢሆን በቅሬታ የሚነካ። ሚሞሪ ካርዱ ትንሽና ውድ ስለነበር ብዙው ሰው የሚያነሳው በጄፔግ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይሰጣል፤ ካሜራው ሳያበስል የሚያስቀምጠው ባለ 14 ቢት ራው ፋይል ግን 16,384። ጄፔግ ላይ የጠቆረን ፊት ማብራት ስለዚህ ከሌለ ነገር ላይ መበደር ነበር። ኒት ኢሜጅና ኖይዝ ኒንጃ የሚባሉ ፕሮግራሞች ብናኙን ያጠፉ ነበር፤ ከብናኙ ጋር የቆዳውን ቀዳዳ፣ የቅንድቡን ፀጉርና የጥለቱን ክር ጭምር። የዚያን ዘመን የሰርግ አልበም ቤቱ ያለው አንባቢ አውጥቶ ይይ፦ ፊቶቹ እንደ ፕላስቲክ ለስልሰዋል፣ የቀሚሱ ጥበብ ከጨርቁ ጋር ተደባልቋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መነገር አለበት፤ ሙያው ውስጥ ያሉ ብዙዎች እስከ ዛሬ «አይኤስኦ ኖይዝ ያመጣል» ይላሉ። ብርሃን በቅንጣት በቅንጣት የሚመጣ ነገር ነው። እንደ ዝናብ ጠብታ ነው፤ ሁለት ጣሳ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ካፊያ ሲሆን በአንዱ ሦስት በሌላው ስምንት ጠብታ ይገባል፣ ዶፍ ሲሆን ግን ሁለቱም እኩል የሞሉ ይመስላሉ። ሴንሰሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች እንደዚያው ናቸው። ጥቂት ብርሃን የደረሰው ነጥብ ከጎረቤቱ ጋር ይለያያል፤ ያ ልዩነት ነው ብናኝ ሆኖ የሚታየን። ብርሃኑ በአራት እጥፍ ሲጨምር የምስሉ ጥራት ከብናኙ አንጻር በሁለት እጥፍ ይሻሻላል። አይኤስኦ የገባውን ያጎላል እንጂ ብርሃኑን አያጎድልም። ስለዚህ በአይኤስኦ 400 ሁለት ስቶፕ (ማለትም በአራት እጥፍ) አጨልሞ አንስቶ በኮምፒውተር ከማብራት፣ በአይኤስኦ 1600 ልኩን ጠብቆ ማንሳት በአብዛኛው ካሜራ ላይ የተሻለ ፊት ይሰጣል። ኖይዝን ፈርቶ አይኤስኦን ዝቅ ያደረገ ሰው ኖይዙን ራሱ ጋብዞታል።

ከ2007 እስከ 2012 ያሉት ዓመታት ትልቁ ለውጥ የመጣባቸው ናቸው። በ2007 ኒኮን ዲ3 አይኤስኦን እስከ 25,600 አደረሰው፤ በዚያው ዓመት ፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ላይትሩም ወጣ፣ ራው ፋይል ማስተካከልም ከባድ ነገር መሆኑ ቀረ። በ2010 ላይትሩም 3 ኖይዝ የሚቀንስበትን መንገድ ከሥሩ ቀየረ። የቀለም ብናኙንና የብርሃን ብናኙን ለያይቶ በደንብ ማከም የተቻለውም ያኔ ነው። ልዩነቱ ለእኛ ወሳኝ ነበር። የቀለሙ ብናኝ፣ ማለትም ጠይም ጉንጭ ላይ የሚረጨው ቀይና አረንጓዴ፣ ያለ ብዙ ጉዳት ሊጠፋ ይችላል። የብርሃኑ ብናኝ ግን ከቆዳና ከክር ጋር የተያያዘ ስለሆነ በስስት መነካት አለበት። በ2012 ላይትሩም ላይ ጥላን የሚያበራው «ሻዶው» የሚባለው ማንሸራተቻ መጣ። በዚያው ሰሞን የወጡት የሶኒ ሴንሰር የገባላቸው ኒኮኖች፣ በተለይ ዲ800፣ ከጥላ ውስጥ አራት ስቶፕ ቢጎተት እንኳ የሚቋቋም ፋይል አመጡ። የጊዜው ካኖኖች፣ 5ዲ ማርክ ቱን ጨምሮ፣ በቀለማቸው ቢወደዱም ጥላው ሲጎተት መስመር መስመር ያወጡ ነበር።

ያ ችሎታ ልማድ ሆነ፣ ልማዱም አበላሸን። ጥላ ሁሉ ይጎተት ጀመር። በግዮን ሆቴል አትክልት ውስጥ ከዛፍ ሥር የቆሙ ሙሽሮች ፎቶ ላይ ዛፉ ጥላ የለውም፣ ፊቱ ቅርጽ የለውም፣ ቀትር ይሁን ማለዳ አይታወቅም። ብሩህና ጨለማ ቅጂዎችን የሚያዋሕደው የኤችዲአር ፋሽን ደግሞ ሰማዩን ጥቁር ሰማያዊ አድርጎ ባናቱ ላይ ጨመረበት። ያን ጊዜ የተነሱ ብዙ ጥሩ ሰርጎች ዛሬ ሲታዩ ከሰዎቹ ይልቅ የሶፍትዌሩ ዕድሜ ነው የሚታየው።

ወደ አዳራሽ ስንገባ ችግሩ ሌላ ነው። የድሮው ዘንግ መብራት በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪካችን በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ስለሚል ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ማድረግ መፍትሔ ነበር። የአሁኑ የሰርግ አዳራሽ ግን በሰማያዊና በሐምራዊ ኤልኢዲ ይጥለቀለቃል። ሰማያዊው ቀለም ሴንሰሩ ላይ ይሞላና ይቃጠላል፤ ቀዩና አረንጓዴው ባዶ ይቀራሉ። ጠይም ቆዳ መልኩን የሚያገኘው ደግሞ በተለይ ከቀዩ ነው። እንዲህ ያለውን ፊት የትኛውም የኖይዝ መቀነሻ አይመልሰውም፤ ያልተቀዳ ነገር አይጸዳም። ጥቁርና ነጭ ማድረግ የሚያድነው ጊዜ አለ፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ኬክ ሲቆረስና ወላጅ ሲሳም የአዳራሹ ባለቤት ነጩን መብራት እንዲያበራ አስቀድሞ መነጋገር ነው። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ የኖይዝ መፍትሔ ነው።

ከወሎ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ በየዓመቱ መስከረም 16 የሚበራው ደመራም ጥሩ ፈተና ነው። እሳቱ የሚለኮሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረን ንጹሕ ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ እሳቱ፣ የመዘምራኑ ነጭ ልብስና የሕዝቡ ፊት በሦስት የተለያዩ የብርሃን ልኮች ላይ ይቆማሉ። ለእሳቱ ሲለካ ሕዝቡ ይጠፋል፤ ለሕዝቡ ሲለካ እሳቱ ነጭ ጉድጓድ ይሆናል። እኔ ለሕዝቡ ለክታችሁ እሳቱን ነጭ ሆኖ እንዲቃጠል እንድትተዉት እመክራለሁ። እሳት መሐሉ ነጭ ቢሆን ማንም አይከፋውም፤ ብናኝ የለበሰ የዘማሪ ፊት ግን ይቆጫል።

የዜና ፎቶ አንሺዎች ከሰርግ ቤቱ የተለየ መንገድ ሄደዋል። በ2015 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር ላይ ከመጨረሻው በፊት ባለው ዙር ከደረሱት ሥራዎች 20 በመቶ ያህሉ ከልክ ባለፈ ኤዲቲንግ ውድቅ ከተደረጉ ወዲህ፣ ጥላን እስከ ጥቁር ድረስ አጨልሞ ነገር መደበቅም ሆነ ብናኝን ሲያጠፉ ዝርዝር መሰረዝ አደገኛ መሆኑ ታወቀ። ሙሉጌታ አየነ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አደጋ ሥፍራ ላይ ያነሳውና በ2020 ለዓመቱ ምርጥ ፎቶ ከታጩት አንዱ የሆነው ሥራ በዚህ ጥብቅ ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ነው። ሐዘንተኛዋ በራሷ ላይ የበተነችው አፈር በፎቶው ላይ ይታያል። ብናኝን ሁሉ እንደ ጠላት የሚያይ ሶፍትዌር በእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሰብ ይበቃል።

በስልኩ በኩል ደግሞ ለውጡ ፈጣን ነበር። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን የመንገድ ሰዎች በስልክ እያነሳ፣ ከዳራቸው ለይቶ በደማቅ ቀለም ላይ ያቆመበት ሥራ በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት ሲያገኝ፣ «በስልክ ሙያ የለም» የሚለው አባባል እዚሁ ከተማ ውስጥ ውድቅ ሆነ። የስልክ ሴንሰር ጥፍር ታክላለች፤ የምትሰበስበው ብርሃን ትንሽ ነው። መፍትሔው መደራረብ ሆነ። ጎግል ከ2013 ጀምሮ ብዙ ፎቶ በአንዴ አንስቶ ማዋሐድ ጀመረ፤ በ2018 «ናይት ሳይት» እስከ 15 ፎቶ እየደረበ ጨለማን ማንበብ ቻለ። ዘጠኝ ፎቶ ሲደረብ ብናኙ ወደ ሲሶ ይወርዳል። እኔ ከሁሉም የኖይዝ መፍትሔዎች የማከብረው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ግምት አይጨምርም፣ እውነተኛ ብርሃን ነው የሚሰበስበው።

ከፊት አለካክ አንጻር ደግሞ እኛ ጋ ብዙ ሰው እጅ የገባው ቴክኖ ነው። አምራቹ ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ ሲገጣጥም ቆይቷል። ካሜራውን ለጠቆረ ቆዳ ሲያስተካክል ፊትን በዓይንና በጥርስ ፈልጎ አግኝቶ ብርሃኑን ለዚያ ፊት የሚለካ አሠራር መርጧል። ጎግል «ሪል ቶን» ብሎ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ የመጣው በ2021 ነው። ርካሹ ስልክ ውዱን ስልክ የቀደመበት ነገር ነውና ይህ ሊመሰገን ይገባል። ይሁንና ያው ስልክ ብዙ ጊዜ «ቢውቲ» የሚባለው ማለስለሻ በርቶ ይመጣል፤ ፊቱን በትክክል ለክቶ ካበራው በኋላ ያሻሸዋል፣ ብዙ ጊዜም ያቀላዋል። ይህን ማጥፋት የሁለት ንክኪ ሥራ ነው፤ ቢጠፋ ደስ ይለኛል።

ስለ መንገዱ መብራትም አንድ ቃል። የድሮው ብርቱካናማ የሶዲየም መብራት ሰማያዊ ብርሃን ከሞላ ጎደል የለውም፤ በዚያ ሥር የተነሳን ፊት ወደ ተፈጥሮ መልኩ ለመመለስ ባዶውን ሰማያዊ ቀለም ማጉላት ግድ ነበር፣ ብናኙም ከዚያ ይመጣል። በኮሪደር ልማቱ የተተከሉት ኤልኢዲዎች በዚህ ረገድ የሌሊት ፎቶን አቅልለዋል።

ግን ያው ልማት ነው የዳሰሳውን ከባድ ጥያቄ ያመጣው። በ2024 የመጨረሻ ወራት የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ ሰፈሩ የቀረው በሰዎች ስልክ ውስጥ ነው። ሰዓሊነት ተምሮ የዘይት ቀለም ስላልተስማማው ወደ ፎቶ የዞረው ሚካኤል ጸጋዬ በመፍረስ ላይ ያሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ በጥንቃቄ መዝግቧል። የአብዛኛው ነዋሪ ማስታወሻ ግን በደከመ ስልክ፣ በጨለመ ሳሎን፣ በአንድ አምፖል የተነሳ ፎቶ ነው፤ ቡና ላይ የተቀመጡ እናት፣ ቆርቆሮ አጥር፣ በር ላይ የቆመ ልጅ። ብናኝ የሞላባቸው እነዚህ ፎቶዎች ናቸው ዛሬ «ጥራት ይጨመርላቸው» ተብለው ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገቡት።

ሁለት ዓይነት መሣሪያ አለ፣ መደባለቅ የለባቸውም። አንደኛው በኤፕሪል 2023 ላይትሩም ውስጥ እንደገባው ያለ ነው፤ ራው ፋይልን ይወስዳል፣ ብናኝ ያለበትና የሌለበት ምስል ጥንድ እያየ የተማረ ነው፣ በልክ ከተያዘ ክሩንና ቆዳውን ያተርፋል። የ2006 አልበሞች ይህን ቢያገኙ ኖሮ እላለሁ። ሁለተኛው ዓይነት እንደ ሬሚኒ ያለው የስልክ አፕ ነው። የደበዘዘች ጄፔግ ወስዶ ጥርት ያለ ፊት ይሰጣል፤ ፊቱ ግን ከፎቶው ውስጥ የወጣ ሳይሆን ከሌሎች ሚሊዮን ፊቶች የተገመተ ነው። በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት «ፐልስ» የተባለ ፕሮግራም የተድበሰበሰ የባራክ ኦባማን ፎቶ ተቀብሎ ነጭ ሰው አድርጎ ማውጣቱ ዓለምን አነጋግሯል። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ፊት እንዲህ ከሆነ፣ ካዛንቺስ ከቤታቸው ደጃፍ የተነሱ እናት ፊት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ልጃቸው ጥርት ያለውን ፎቶ አይቶ ይደሰታል፤ የልጅ ልጃቸው ግን ያላወቃትን ሌላ ሴት አያቴ ናት ብሎ ያድጋል። ይህ ለእኔ ከሸርሊ ካርድ የከፋ ነው። ካርዱ ፊታችንን አጨለመው እንጂ አልለወጠውም።

ዋጋም አለበት። የላይትሩሙ ዓይነት ሥራ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል። በ2024 ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ወራት ከ120 ብር አልፏል። ለትንሽ ፎቶ ቤት አዲስ ካሜራም አዲስ ኮምፒውተርም ርቋል ማለት ነው። ለዚህ ነው ልኩን በቦታው መጠበቅ የድህነት ብልሃት ሳይሆን የተሻለው ሙያ ነው የምለው፦ በራው ማንሳት፤ ነጠላው ላይ የጥለቱ ክር ሊጠፋ ከሚልበት ጫፍ ድረስ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ፤ ከዚያ በላይ ግን አለመሄድ፤ ፊቱን ነጭ ግድግዳ ወይም ነጭ ጨርቅ በሚመልሰው ብርሃን መደገፍ፤ ቀትር ላይ ወደ ሕንፃ ጥላ ጠጋ ማለት። ፊታቸው መስታወት የሆነ የቦሌ መንገድ ሕንፃዎች ማዶ ለማዶ የሚወረውሩት ብርሃን ከሰዓት በኋላ ነፃ ሪፍሌክተር ነው።

የቀረውን ብናኝ ደግሞ አትፍሩት። ስክሪን ላይ መቶ በመቶ አጉልቶ ብናኝ መቁጠር ሕመም ሆኗል። 24 ሜጋፒክስል ፎቶ በ30 በ45 ሴንቲ ሜትር ሲታተም ያ ብናኝ አብዛኛው አይታይም። ከ2010 ጀምሮ አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ላይ የተሰቀሉ ትልልቅ ህትመቶችን ያየ ሰው ከፎቶው ፊት በክንድ ርቀት ቆሞ ብናኝ ሲፈልግ አይውልም፤ ፊቱን ነው የሚያየው።

ሰርግ ለምትደግሱ፣ ቤታችሁ ለፈረሰባችሁም፣ የምለምነው አንድ ነው። ለፎቶ አንሺያችሁ ስትከፍሉ ራው ፋይሎቹ በሃርድ ዲስክ እንዲሰጧችሁ በውላችሁ ውስጥ አስገቡ፤ የዛሬ አሥር ዓመት የሚመጣው መሣሪያ ከዛሬው የተሻለ ያወጣቸዋል። የድሮውን ሰፈር ፎቶ በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ ካልሆነ የፒክስሉ ብዛት ይቀንሳል፣ ብናኙም ወደ ካሬ ካሬ ይለወጣል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የጸዳውን ቅጂ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ የመጀመሪያውን፣ የደበዘዘውንና ብናኝ የሞላበትን ፋይል ግን እባካችሁ አታጥፉት።